ስልኮቹ ሙዳይ ውስጥ፤ ሙቀት ቤት ላዋለው ቤተሰብ

ሐምሌ በእኔ ቤት የዩኒፎርም ወር ነው። ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእኔ ሥራ ይከፈታል፤ ሳሎኑ ጥግ ባለችው የስፌት መኪና ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ሰማያዊ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ስሰፋ እውላለሁ። ልጆቼም በዚያው ወር ቤት ይውላሉ። የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ልጁን ሜዳ ላይ አይለቅም። ስለዚህ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ ማራገቢያና አምስት ስልኮች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተፋፍገን እንውላለን።

የልብስ ሰፊ ነገር፣ ዝምታ እወዳለሁ። ኮሌታ እያዞርኩ ሳለ ሁለት ልጅ ከተጣላ መስመሩ ይጣመማል። ያንን ዝምታ ለብዙ ጊዜ የገዛሁት በስልክ ነበር፤ ርካሽ መስሎኝ። መጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንዱ ልጄ 4 ዓመቱ ነበር። ለሁለት ሳምንት ተብሎ የተጀመረው ወራት ፈጀ፤ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ልጄ ስልክ ፊቱ ካልቆመ እህል የማይውጥ ሆኖ ነበር። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ካርቱን። ስልኩ ሲጠፋ አፉም አብሮ ይዘጋል። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ "ልጅሽን የሚያጎርሰው ማን ነው?" ትለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ሞክረናል፣ ወድቀናል፣ ደግሞ ሞክረናል። ልጁ አሁን 9 ዓመቱ ነው፤ ትልቋ 15፣ ትንሿ 4። ከዚህ በታች የምጽፈው በቤታችን የቆመውን ነው። ያልቆመም አለ፤ እሱንም አልደብቅም።

በቅድሚያ የራሳችሁን ስልክ

ጨርቅ ሳይለካ አይቆረጥም። ልጆቹ ላይ ደንብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ተራ ቀን ለኩ። አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ "ዲጂታል ዌልቢይንግ" የሚባል ቦታ አለው፤ አይፎን ላይ "ስክሪን ታይም" ይባላል። ሲከፈት በዕለቱ ስልኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ የትኛው መተግበሪያ ምን ያህሉን እንደወሰደ ያሳያል። ቴሌቪዥኑን ግን ራሳችሁ መዝግቡ። እኔ የትእዛዝ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ለራሴም፣ ለአባታቸውም፣ ለአማቴም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ጮክ ብላ ያነበበችው ትልቋ ልጄ ናት። የእሷ በቀን 3 ሰዓት ከ15፣ የእኔ 4 ሰዓት ከ40። "እማዬ፣ የአንቺ ይበልጣል እኮ" አለችኝ፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ገርሟት ነው። እኔ የአንገት ቅድ የማይ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ቀሚስ ፍለጋ ገብቼ የማላውቀው ሰው ሠርግ ላይ አንድ ሰዓት አምሽቼ እንደምወጣ ስልኩ ሲቆጥር ኖሯል። ከዚያ ማታ በኋላ "ስልክ አስቀምጡ" ስል ድምፄ ራሱ ዝቅ አለ።

ይህን ደረጃ የሚዘል ወላጅ ብዙ ነው፤ እኔም ሁለት ክረምት ዘልዬዋለሁ። ሁለቱም ክረምት ደንቡ ሳምንት አልሞላም።

ስንት ሰዓት?

ልብስ ሊያሠሩ የሚመጡ እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ ይመክራል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያ ካነሰም ይሻላል ይላል። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፉ ተቆጥሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንዳለበትም እዚያው ሰፍሯል። ለትንሿ ልጄ ይህችኑ እንዳለች ወሰድናት፤ በቀን አንድ ሰዓት፣ እሷም ከሰው ጋር ተቀምጣ።

ለትልልቆቹ ድርጅቱ በ2020 ባወጣው መመሪያ የስክሪን ሰዓት በቁጥር አላስቀመጠም። በቁጥር ያስቀመጠው እንቅስቃሴውን ነው፦ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሹን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያድርግ፣ ለመዝናኛ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የሚያሳልፈው ጊዜ ይገደብ ነው የሚለው። ይህን ሳነብ ተናድጄ ነበር፤ የፈለግሁት አንድ ቁጥር ነበርና። ውሎ አድሮ ግን ልክ ሆኖ አገኘሁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ኳስ ተጫውቶ፣ ምሳውን በደንብ በልቶ ያረፈ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ቢያይ ቤቱ ሰላም ነው። ፊቱን ሳይታጠብ ስልክ ያነሳ ልጅ ግን 40 ደቂቃ ብቻ አይቶ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። ስለዚህ ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ደቂቃ መቁጠር ትቼ ስልኩ ምን እንዳስቀረበት አያለሁ፤ እንቅልፉን ነው? ሩጫውን? ምግቡን? ከእህቱ ጋር መጫወቱን? ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ሌላው ሁሉ ሞልቶ ይኼ ከጎደለ መጀመሪያ የምነካው የማታውን ስልክ ነው።

ገደቡን ፀሐይዋ ላይ ስቀሉት

የመጀመሪያው ክረምት "በቀን ሁለት ሰዓት" ብዬ ደንግጌ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ የሰማሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ስንት ደቂቃ ቀረኝ?" አሥር ደቂቃ ጨምሪ፣ ትናንት አምስት ቀርቶኝ ነበር፣ እሷ ስታይ አብሬ ያየሁት አይቆጠርም... ከፊራ ገበያ ሽንኩርት የምከራከር መሰለኝ። በስድስተኛው ቀን ተውኩት።

በቀጣዩ ዓመት ገደቡን ማንም የማይከራከርበት ነገር ላይ ሰቀልነው፤ የከተማችን ቀን ላይ። ድሬዳዋ ልጅ የምታስተናግደው ከንጋት እስከ 4 ሰዓት ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ቤታችን ውስጥ የሚከፈት ስክሪን የለም። ወንዱ ኳሱን ይዞ ይወጣል፣ ትልቋ ትንሿን ይዛ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ብስክሌት ትነዳለች። ደጅ በቀን ብርሃን የሚቆይ ልጅ ዓይኑ ሩቅ የማየት ችግር የሚጀምረው እምብዛም መሆኑ በጥናት የታወቀ ነገር ስለሆነ ጠዋቷን ለድርድር አላቀርባትም።

አንድ ነገር ልጨምር። "ስልኩን ተውና ውጣ" የሚል ወላጅ "የት?" ለሚለውም መልስ ይኑረው። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋ ነው፣ ለኳስ የተሠራ ይመስላል፤ በክረምት ግን ልጄን እዚያ አልልክም። እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ ድንገት ይደርሳል። ሐምሌ 1998 በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ የእኛ ሰፈር ሰው ያንን ሌሊት ዛሬም ሲያወራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ቦታው በስም ይነገራል፣ መመለሻውም በሰዓት።

ከ4 ሰዓት እስከ ምሳ የቤት ሥራ አለ፤ አልጋ፣ ዕቃ፣ ለእኔም ቁልፍ መትከል። ስክሪኑ የሚከፈተው ከምሳ በኋላ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው። ይህችን ሰዓት የመረጥኳት ሆን ብዬ ነው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያንጫጫበት ሰዓት ልጅን "ዝም ብለህ ተቀመጥ" ማለት ግፍ ነው፤ ፈቃዱን በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ስትሰጡት በሌላው ሰዓት መከልከል ይቀላል። ከ8 ሰዓት በኋላ ሁላችንም ጋደም እንላለን። 10 ሰዓት ላይ ነፋስ ሲነሳ ቡናው ግቢ ይወጣል። ማታ ቴሌቪዥኑ የጋራ ነው፤ አንድ ፕሮግራም፣ በተራ ተመርጦ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኮች ሁሉ ሙዳይ ይገባሉ፣ የትልቋ 3 ሰዓት ላይ። ሙዳዩ ያለው ሳሎን ነው፤ ቻርጅ የሚደረገውም እዚያው ነው። መኝታ ክፍል ስልክ አይገባም። የስክሪን ብርሃን እንቅልፍን ያዘገያል፤ ከብርሃኑ ይልቅ ግን "አንዲት ብቻ ልይና" የምትለዋ ነገር የባሰች ትመስለኛለች።

በዚያችው የቀን ሰዓት ዓይናቸው እንዳይደክም የዓይን ሐኪሞች የሚመክሯትን ዘዴ እንጠቀማለን፦ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ማየት። ልጄ "6 ሜትር የት ድረስ ነው?" አለኝ። የስፌት ሜትሬን ሰጠሁት። 1 ሜትር ከ50 ስለሆነች መሬት ላይ እየተንበረከከ፣ በጠመኔ ምልክት እያደረገ አራት ጊዜ ዘረጋት፤ ከሶፋው ተነስቶ በሩን አልፎ የግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር ደረሰ። አሁን ደቂቃው ሲሞላ "ኒሙን እዩ!" ብሎ የሚያዘው እሱ ነው። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ዓይን መርገብገብ ይቀንሳል፣ ይደርቃል፤ ማራገቢያው በቀጥታ ፊታቸው ላይ እንዳይነፍስም ወደ ጎን አዙሩት።

የመዝጊያዋ ደቂቃ

በቤታችን ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ በመዝጊያዋ ደቂቃ ነው።

ልጁ 7 ዓመት በሆነው ክረምት አንድ ቀን ከወጥ ቤት እጄን እንኳን ሳልጠርግ መጥቼ ስልኩን ከእጁ መነተፍኩት። ሰዓቱ አልፏል፤ ሦስት ጊዜ ተጣርቻለሁ። አላለቀሰም። ወደ መኪናዬ ሄደ፣ መቀሱን አነሳ፣ አልቆ የተሰቀለ የሰው ሸሚዝ እጅጌ ይዞ ዓይኔን እያየ አንድ ጊዜ ቆረጠው። ያ ከባዱ የጨርቅ መቀስ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። አልመታሁትም ብል ውሸት ነው። ማታ አባቱ አጠገቡ አስቀምጦ "ስንት ቀርቶህ ነበር?" አለው። "ሁለት ደቂቃ። ልጨርስ ነበር" አለ ልጁ። ለሁለት ደቂቃ ብዬ አንድ እጅጌ እንደገና ሰፋሁ፤ ከዚያ ይበልጥ የቆየኝ ግን ምቱ ነው።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ከወጥ ቤት አልጣራም። አሥር ደቂቃ ሲቀር ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ "ይኼ ማን ነው? ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ልጁ ከስልኩ ወደ እኔ የሚወጣበት መንገድ ይህ ነው፤ እያስረዳኝ ሳለ ግማሹ ወጥቷል። ከዚያ "ይህ ሲያልቅ" እንላለን፤ በደቂቃ ፈንታ በክፍሉ ማለቂያ። ጨዋታ ከሆነ ዙሩ ሲያልቅ። ስልኩን የሚያጠፋው ራሱ ነው፣ ሙዳዩ ውስጥ የሚያስቀምጠውም ራሱ። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የሚጠብቀው ነገር ይኑር፤ እኛ ቤት ቀዝቀዝ ያለ ሐብሐብ ነው፣ በሌለ ቀን ቆሎ።

ዩቲዩብ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላውን ራሱ እንዳያስከትል "አውቶፕሌይ" የምትለዋን ቁልፍ አጥፏት። ካላጠፋችኋት "ሲያልቅ" የሚባል ነገር የለም።

ከዚህም የሚሻል አንድ ዘዴ አለኝ፤ ያገኘሁት በኪሳራ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ይበቃናል ብዬ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል በአንድ ከሰዓት አለቀ፤ ልጁ የቪዲዮውን ጥራት እስከ ጫፍ ከፍ አድርጎት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ልጆቹ ደጅ ሳሉ አብረን የመረጥናቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቪዲዮዎች በዝቅተኛ ጥራት አውርጄ ዳታውን አጠፋለሁ። 7 ሰዓት ላይ ስልኩ ውስጥ ያለው ያ ብቻ ነው። ሲያልቅ አለቀ። ልጅ ከእናቱ ጋር ይጣላል እንጂ ካለቀ ነገር ጋር አይጣላም፤ እንደ እንጀራ ነው፣ መሶቡ ባዶ ከሆነ ማንን ይወቅሳል?

ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጉግል መተግበሪያም ሞክሬዋለሁ። የልጁን ስልክ ከወላጅ ስልክ ጋር ያያይዛል፤ የቀን ገደብና የመኝታ ሰዓት ይይዛል፣ አዲስ መተግበሪያ ሲጫን ፈቃድ ይጠይቃችኋል። ጥሩ ነው፣ በተለይ ከቤት ውጭ ለሚሠራ ወላጅ። የጎረቤትን ቴሌቪዥን ግን አይዘጋም። ልጄ ከ8 ሰዓት በኋላ ጓደኛው ቤት ሲሄድ የቆየው በኳስ ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ለጎረቤቴ ቡና ላይ ነገርኳት፤ እሷም ለካ ልጇ እኛ ቤት ስልክ ያያል ብላ ስትብሰለሰል ነበር። ሁለታችንም ያንን ሰዓት ዘጋን። የስልክ መክፈቻ ቁጥርና የቴሌብር የምሥጢር ቁጥርም አንድ አይነት አታድርጉ፤ ልጆች ጣታችንን ከእኛ በላይ ያጠናሉ።

አያትና አባት

አማቴ 73 ዓመታቸው ነው። ጅቡቲ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸው ስልክ ከሁላችንም ስልክ ይበልጣል። በሁለተኛው ክረምት ደንቡ ያለችግር እየሄደ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሳለ አንድ ከሰዓት ከአልጋ ሥር የተኩስ ድምፅ ሰማሁ።

"እማማ፣ ስልክዎን ለልጁ ሰጥተውት ነው?"

"መዝሙር ሊሰማ ነው፤ ተይው" አሉኝ።

"መዝሙሩ ይተኩሳል እኮ።"

"ሙቀቱ ራሱ ይበቃዋል፤ አንቺ ደግሞ አትጨምሪበት!"

ከአያት ጋር ተጣልቶ ያሸነፈ የለም፤ ስለዚህ ሥልጣን ሰጠኋቸው። ሙዳዩ የእሳቸው ነው፤ ሲያገቡ ከሐረር የመጣ፣ ቀይና አረንጓዴ ስንደዶው ዛሬም ያልደበዘዘ። "እማማ፣ ሙዳዩ የእርስዎ ነው፤ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእርስዎ ቃል ይሁን" አልኳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከእኔ የከፉ ሆኑ። አንድ ማታ ደንበኛ ሊደውልልኝ ነው ብዬ ስልኬን ስጠይቃቸው "ልብሱ ጠዋትም ይለካል" ብለው ክዳኑ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ማታ የሚከታተሉት ተከታታይ ድራማ አላቸው፤ እሱን የጋራው የቴሌቪዥን ሰዓት ውስጥ አስገባንላቸውና ሁላችንም እናየዋለን። እኔ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ስልኩ የለቀቀውን ሰዓት የሞሉትም እሳቸው ናቸው። እንቆቅልሽ ላይ "አገር ስጠኝ" ሲሉት ልጄ "ማድሪድ!" አለ። "እሱን አላውቀውም፤ የማውቀውን ስጠኝ" አሉት። ሊቨርፑል፣ ሚላን፣ ሁሉንም መለሱበት። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማረውና ባቡር ላይ ነበር ሥራቸው፤ እሳቸው የሚያውቁት አገር በሐዲዱ ተራ ነው፦ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ... አሁን ልጁ ከድሬዳዋ እስከ አዳማ ሳይሳሳት ይቆጥራል፤ አገር ሲጠየቅም መጀመሪያ አፍደምን ይሰጣል።

ባለቤቴ ጋ ያለው ነገር ገና አልተፈታም። ከሰዓት በኋላ በርጫው አለ፤ ጫቱ፣ ውኃው፣ ትራሱ፣ ስልኩ። "ይኼ የእኔ ዕረፍት ነው፤ ከልጅ ጋር ታስተካክዪኛለሽ?" ይለኛል። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆይተን የተስማማነው ይህ ነው፦ በርጫው ከ9 እስከ 11 ሰዓት በጓዳው በኩል በሩ ተዘግቶ ይሁን፤ ስልኩ እዚያ ይክረም፣ ሳሎን አይምጣ፤ ማታ ግን እንደ ሁላችን ሙዳይ ይግባ። በሳምንት አራት ቀን ያህል ይሳካል። በተረፉት ቀናት ልጁ በሩን ገፋ አድርጎ "አባዬ፣ ስንት ቀረህ?" ይለዋል። እኔ ተናግሬ ከማመጣው ውጤት ይህ ይበልጣል። የእናንተ ቤት ችግር የኳስ ጨዋታ ውርርድ ወይም የሌሊት ዜና ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ከልጆቹ ፊት ሳትጣሉ መስማማታችሁ ነው። እኛ ፊታቸው ተጣልተን አንድ ሳምንት ከስረናል።

የአሥራ አምስት ዓመቷ

ለትልቋ የሙዳዩ ሕግ ብቻውን አይበቃም። የክፍሏ ማስታወሻ በቴሌግራም ነው የሚመጣው፤ ጓደኞቿም እዚያው ናቸው። ስልኩን ነጥቆ መደበቅ በዚህ ዕድሜ የሚያተርፈው ውሸት ነው፤ ሞክሬዋለሁ፣ ከጓደኛዋ ሁለተኛ ስልክ ተውሳ ሦስት ሳምንት አልታወቀብኝም።

የንድፍ ወረቀት ላይ ውል ጻፍን። የእሷ ወገን፦ 3 ሰዓት ላይ ስልኩ ሙዳይ ይገባል፤ ምግብ ላይ አይነሳም፤ የማታውቀው ሰው ከጻፈላት ሳትፈራ ታሳየኛለች፣ እኔም ስልኩን በዚያ ምክንያት አልወስድባትም። የእኔ ወገን፦ መልእክቷን ተደብቄ አላነብም፤ ፎቶዋን ሳልጠይቃት አልለጥፍም፤ ያቺ 4 ሰዓት ከ40 ወደ 2 ሰዓት ትወርዳለች። የትምህርት ሥራ ከገደቡ ውጭ ነው፤ ግን ጠረጴዛ ላይ፣ ሁላችን ባለንበት ክፍል። እሑድ ቡና ላይ ውሉን አውጥተን እናየዋለን።

ውሉን መጀመሪያ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ለማስታወቂያ ለጠፍኩ። ወረቀቱን አምጥታ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆመች፤ አወረድኩት፣ በካሣም ለአንድ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ጨመርኩላት። ፎቶው ሦስት ትእዛዝ አምጥቶ ነበር፤ እሱን አልነገርኳትም።

የሚጀምር ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምር። የመጀመሪያውን ሳምንት የማታውን ሙዳይ ብቻ ያዙ፣ በሁለተኛው ጠዋትን፣ በሦስተኛው የቀኗን ሰዓት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቤቱ ገበያ ይሆናል። "ሰለቸኝ" ሲሉ ተሯሩጣችሁ ጨዋታ አታምጡ፤ ስልቸታው ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ ልጁ ራሱ አንድ ነገር ይፈጥራል። የእኔው ማግኔት በክር አስሮ ከወለሉ ስፒል ማጥመድ የጀመረው እንደዚያ ሲሰለቸው ነው፤ አሁን በአሥር ስፒል አንድ ብር እከፍለዋለሁ፣ እግሬም ተርፏል።

የታመመ ልጅ ላይ ገደብ አይሠራም፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ ያሻውን ይይ። መብራት ጠፍቶ ያመለጠ ሰዓት አይካካስም፤ አንዴ ካካሳችሁ በየመብራቱ ክርክር ነው። በቪዲዮ ከዘመድ ጋር መነጋገርም ከገደቡ ውጭ ነው፤ ልጁ እያወራ፣ እየተጠየቀ፣ እየሳቀ ነውና ተቀምጦ ከማፍጠጥ ጋር አንድ አይደለም።

ሙዳዩን ስትመርጡ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፣ ስልኮቹንም ድምፅ አጥፍታችሁ አስገቡ። የእማማ ስልክ ግን ድምፁ አይጠፋም፤ እሺ አይሉም። ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ሙዳዩ ውስጥ ጮኸ። ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን፤ ልጄ "እማማ፣ ተዘግቷል እኮ!" አላቸው። ክዳኑን አንስተው በሩቅ አድርገው ስሙን አነበቡና "የጅቡቲው አይቆጠርም" ብለው ግቢ ወጡ፤ ሦስቱም ልጆች ተከትለዋቸው።